«መጀመሪያ ልበርታ፣ ከዚያ እመለሳለሁ» ላለችው እህት

ጥያቄ፦ «ሰላም መጋቢ፣ እንደምን አሉ? ጌታን ከተቀበልኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። መጀመሪያ ላይ እሳት ነበርኩ። አሁን ግን የጥሞና ጊዜ ልያዝ ብዬ እነሳና ሦስት ቀን፣ ቢበዛ አንድ ሳምንት ሄዶ ይቆማል። መጽሐፍ ቅዱሴን ስከፍት እንቅልፌ ይመጣል፤ ካልሆነም እጄ ወደ ስልኬ ይሄዳል። ሐሙስ ሐሙስ የቤት ኅብረት አለን። እዚያ ሁሉም ‹ጌታ ዛሬ እንዲህ ተናገረኝ› ይላል። እኔ የምለው የለኝም። ማስመሰል ስላልፈለግሁ ከቀረሁ ሦስት ወር ሆነኝ። ሐሳቤ መጀመሪያ በግሌ ከጌታ ጋር ልበርታና ከዚያ ልመለስ ነው። ልክ ነኝ? ከየትስ ልጀምር?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን።

መልሴን በአጭሩ ላስቀድም። ማስመሰል አለመፈለግሽ ልክ ነው። መቅረትሽ ግን ልክ አይደለም። «ልበርታና ልመለስ» የሚለው ሐሳብ ከቅን ልብ የወጣ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተገልብጧል። በመጋቢነት በቆየሁባቸው ዓመታት ይህንኑ ቃል ከብዙ ሰው አፍ ሰምቻለሁ። እንዲህ ብሎ ሄዶ፣ በርትቶ የተመለሰ አንድም ሰው አላስታውስም። የተመለሱት ሁሉ እንደደከሙ ነው የተመለሱት። የበረቱት ከተመለሱ በኋላ ነው።

እስቲ ቶማስን አስቢው። ጌታ በተነሣበት እሑድ ማታ ደቀ መዛሙርቱ በራቸውን ዘግተው ተቀምጠው ሳለ በመካከላቸው ቆመ። ቶማስ አልነበረም። የት እንደነበረ ዮሐንስ አይነግረንም። ሌሎቹ ሲያገኙት «ጌታን አየነው» አሉት። ያንቺ ሐሙስ ማለት ይሄ ነው። ሁሉም አይቷል፣ አንዱ አላየም። ሁሉም የሚያወራው አለው፣ አንዱ የለውም። ቶማስም እንዳንቺ ማስመሰል አልፈለገም። ካላየሁና ካልዳሰስኩ አላምንም ብሎ እቅጩን ተናገረ።

ከስምንት ቀን በኋላ ግን ደቀ መዛሙርቱ ደግመው ሲሰበሰቡ ቶማስ አብሯቸው ነበር (ዮሐንስ 20፥26)። በሩ እንደገና ተዘግቷል ይላል። ቶማስ ግን ከውስጥ ነው። ጥርጣሬው ተፈትቶለት አልመጣም፤ ይዞት ነው የገባው። ያሉት ወንድሞቹም «አንተ አላየህም፣ ምን ታደርጋለህ እዚህ?» አላሉትም። ጌታ ያገኘውም እዚያው ነው። ማርያም መግደላዊትን እኮ በአትክልቱ ቦታ ብቻዋን አግኝቷታል። ቶማስንም ብቻውን ባለበት ሊያገኘው ይችል ነበር። ስምንት ቀን ቆይቶ በወንድሞቹ መካከል አገኘው። ይህን እንደ አጋጣሚ አድርጌ ማንበብ አልችልም። «ጌታዬ አምላኬም» የሚለው ድንቅ ምስክርነት የተሰማው፣ ከሳምንት በፊት ምንም የሚናገረው ካልነበረው ሰው አፍ ነው።

አንቺ የግል ጥሞናንና ኅብረትን እንደ ሁለት ክፍል አድርገሽ አይተሻቸዋል። የመጀመሪያውን ክፍል ካላለፍሽ ሁለተኛው የማይፈቀድልሽ ይመስልሻል። ጌታ ሲያስተምር እንዲህ አልለያቸውም። ማቴዎስ 6 ላይ ስለ ጸሎት የተናገረውን ክፈቺና እዪ። ቁጥር 6 ላይ ወደ እልፍኝህ ገብተህ በርህን ዘግተህ ጸልይ ይላል። ከዚህ በላይ ግላዊ የሆነ ነገር የለም። ሦስት ቁጥር ብቻ ወረድ በዪ። በሩን ዘግተሽ፣ ብቻሽን ሆነሽ የምትጸልዪው ጸሎት «አባታችን ሆይ» ብሎ ይጀምራል። «አባቴ» አይልም። እንጀራችንን ስጠን፣ በደላችንን ይቅር በለን፣ ወደ ፈተና አታግባን። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድረስ አንድም «እኔ» የለበትም። በሩ ተዘግቷል፤ ወንድሞችሽና እህቶችሽ ግን አብረውሽ እልፍኝ ገብተዋል።

አማርኛችን «አንተ»ን፣ «አንቺ»ንና «እናንተ»ን ስለሚለይ በዚህ ነገር ዕድለኞች ነን። የጳውሎስን መልእክቶች ስታነቢ ግሦቹን ልብ በዪ። ለግል ጥንካሬ የተሰጡ የሚመስሉን ትእዛዞች አብዛኞቹ «እናንተ» የሚሉ ናቸው። ፊልጵስዩስ 2፥12 ላይ መዳናችሁን ፈጽሙ ሲል ለአንድ ሰው አይደለም የሚናገረው። ቆላስይስ 3፥16 ላይ ቃሉ በሙላት ይኑርባችሁ ብሎ ሳይጨርስ፣ እርስ በርሳችሁ አስተምሩ ይላል። ያ ደብዳቤ ራሱ በጉባኤ ጮክ ተብሎ ተነቦ፣ ከዚያ ወደ ሎዶቅያ እንዲሻገር ነው የተላከው። ጉተንበርግ መጽሐፍ ቅዱስን በማተሚያ ያወጣው በ1455 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ከ1400 በላይ ዓመታት አብዛኛው አማኝ የራሱ የሚለው መጽሐፍ ቅዱስ አልነበረውም። ቃሉን የሰማው ከሌሎች ጋር ቆሞ ነው። ዛሬ ቃሉ በእጅሽ መሆኑ ትልቅ ጸጋ ነው። ብቻዬን አንብቤ ካልገባኝ ከኅብረቱ ልራቅ ማለት ግን ለእነዚያ ሁሉ ቅዱሳን እንግዳ የሚሆንባቸው ሐሳብ ነው።

ጌታችን ራሱ ሁለት ልማድ ነበረው። ሉቃስ 4፥16 በሰንበት ወደ ምኩራብ መግባት ልማዱ እንደነበረ ይናገራል። ሉቃስ 5፥16 ደግሞ ወደ ምድረ በዳ ፈቀቅ እያለ ይጸልይ እንደነበር ይናገራል። ዳንኤልን ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው በቀን ሦስት ጊዜ ተንበርክኮ በመጸለዩ ነው። ግን ዳንኤል 2 ላይ ሞት ሲታወጅበት፣ ከንጉሡ ጊዜ ከለመነ በኋላ ያደረገውን ታስታውሻለሽ? ቤቱ ሄዶ ለሦስቱ ጓደኞቹ ነገራቸው። አብረውት እንዲለምኑ ጠየቃቸው። የጸሎት ሰው የምንለው ሰው «ጸልዩልኝ» ለማለት አላፈረም።

አሁን አንድ ያየሁትን ልንገርሽ።

አገልግሎት በጀመርኩበት ሰሞን በምመራው የቤት ኅብረት አንድ ወንድም ነበር። ሁልጊዜ ዘግይቶ ይመጣል። ከበሩ አጠገብ ባለችው ወንበር ጫፍ ላይ ይቀመጣል። መጽሐፍ ቅዱሱን ጉልበቱ ላይ ያደርገዋል፤ ዚፑን ግን አይከፍተውም። ያን ጊዜ ልማዳችን እያንዳንዱ በሳምንቱ ውስጥ ያገኘውን ቃል እንዲያካፍል ነበር። ተራው ሲደርሰው «ዛሬ ምንም የለኝም» ይላል። እኔ ልጅ ነበርኩና ጨነቀኝ። በልቤ ይህን ሰው እንዴት ላነቃቃው እያልኩ ስብከት ማዘጋጀት ጀመርኩ። ከመካከላችን አንዲት እናት ነበሩ፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ትልልቅ ፊደል ያለው መጽሐፍ ቅዱስ ነው የሚይዙት። አንድ ቀን እሱ «ምንም የለኝም» ሲል ወደ እሱ ዞር አሉና «እንግዲያው ልጄ፣ የእኔን ውሰድ» አሉት። ከዚያ ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር እያስኬዱ መዝሙር 121ን አነበቡለት። ለሁላችንም አልነበረም፤ ለእሱ ብቻ ነው። ሲጨርሱ ምንም አላብራሩም። መጽሐፉን ዘጉት።

በሚቀጥለው ሳምንትም «ምንም የለኝም» አለ። አሁንም አነበቡለት። ይህ ለወራት ቀጠለ። አንድ ማታ ተራው ሲደርስ ዚፑ ሲከፈት ሰማሁ። ድምፁ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። «ዛሬ እኔ ላንብብልዎት» አላቸው። ያነበበው ያንኑ መዝሙር 121ን ነበር። ያዘጋጀሁት ስብከት አንድም ቀን አላስፈለገም።

ማርቆስ 2 ላይ አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው ጣሪያ ነድለው ሲያወርዱት፣ ኢየሱስ «እምነታቸውን» አይቶ ይላል። እምነቱን አይልም። ሰው በሌላው እምነት የሚያዝበት ጊዜ አለ። አንቺ አሁን የምትሸከሚበት ሳይሆን የምትያዥበት ጊዜ ላይ ነሽ። እንደዚህ መሆን አያሳፍርም።

እንግዲህ ወደ ጥሞናሽ ልምጣ። ለምን በሦስት ቀን ይቆማል?

ከልምዴ እንደማየው ትልቁ ምክንያት አነሳሱ ትልቅ ስለሆነ ነው። እኔ ካመንኩ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት መጽሐፍ ቅዱስን በአንድ ዓመት ልጨርስ ብዬ ተነሣሁ። 1189 ምዕራፍ ለ365 ቀን ሲካፈል በቀን ሦስት ምዕራፍ ተርፎት ይመጣል። ዘፍጥረትና ዘፀአት እንደ ውኃ ፈሰሱልኝ። ዘሌዋውያን ላይ ዘገየሁ። ሁለት ቀን አለፈኝ፤ ስድስት ምዕራፍ ዕዳ ሆነብኝ። ሳምንት ሲያልፈኝ ዕዳው ከሃያ በለጠ። ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ቅዱሴን ጠረጴዛው ላይ ሳየው አበዳሪዬ የተቀመጠ ነበር የሚመስለኝ። ዓይኔን አዞር ነበር። ከዚህ የወጣሁት አንድ ታላቅ ወንድም «ያለፈህን ቀን አታካክስ፤ ዛሬ ዛሬን አንብብ» ሲለኝ ነው። መና በየቀኑ ነበር የሚለቀመው። ከትናንት የተረፈው ይተላ ነበር (ዘፀአት 16፥20)። አንድ ቀን ቢያልፍሽ አለፈ። ነገ የዛሬን ጨምረሽ አትክፈዪ። የነገውን ብቻ ውሰጂ።

ስለዚህ ትንሽ ጀምሪ። የማርቆስ ወንጌል 16 ምዕራፍ ነው። ከአራቱ አጭሩ እሱ ነው፤ ነገሩ ቶሎ ቶሎ ይሄዳል፣ ኢየሱስ ሲሠራ ታዪዋለሽ። በቀን አንድ ምዕራፍ። ምዕራፉ ከረዘመብሽ ግማሹን። ከአሥራ አምስት ደቂቃ በላይ አትቀመጪ። አዎ፣ አትቀመጪ ነው የምልሽ። ልብሽ ገና ሲፈልግ ተነሺ፤ ነገ ለመመለስ ይጓጓል።

ቦታ ይኑርሽ። አንድ ወንበር፣ አንድ ጥግ። ሁልጊዜ እዚያው። ስልክሽ ከዚያ ክፍል ይውጣ። ድምፁን መዝጋት አይበቃም፤ ገልብጠሽ ማስቀመጥም አይበቃም። ስልክሽ አጠገብሽ ካለ ግማሽ ልብሽ እሱ ጋ ነው። ስለዚህ የወረቀት መጽሐፍ ቅዱስ ያዢ። የማንቂያ ደወልሽ ስልኩ ከሆነ ተራ ሰዓት ግዢና ነገሩ ይለቅ።

ሰዓቱ የግድ ጠዋት መሆን የለበትም። ጌታ ገና ሌሊት ሳለ ተነሥቶ ጸልዮአል፤ እኔም ጠዋትን እወዳለሁ። መዝሙር 55፥17 ግን ማታንም፣ ጠዋትንም፣ ቀትርንም ይጠራል። ይስሐቅ ሲመሽ ነበር ወደ ሜዳ የወጣው። ሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ፣ ሕፃን የምታጠባ እናት፣ ጎህ ሲቀድ ሥራ የምትገባ ሴት ሁሉም አንድ ሰዓት ሊኖራቸው አይችልም። ራስሽን ጠይቂ፤ በቀኑ ውስጥ የምትነቂበትና ማንም የማይፈልግሽ ሰዓት የቱ ነው? እሱን ለጌታ ስጪው።

እንቅልፉን በተመለከተ መድኃኒቱ ቀላል ነው። በድምፅ አንብቢ። መዝሙር 1 ላይ ሕጉን በቀንና በሌሊት ያስባል ተብሎ የተተረጎመው የዕብራይስጥ ቃል «ሃጋ» ነው። ዝም ብሎ በልብ ማሰብ ብቻ አይደለም። በከንፈር ማንሾካሾክን፣ ማጉረምረምን ይይዛል። ኢሳይያስ 31፥4 ላይ ይኸው ቃል አንበሳ በአደኑ ላይ ሲያገሣ ለሚያወጣው ድምፅ ገብቷል። ጥሞና ማለት ለዕብራውያኑ አፍ የሚሠራበት ነገር ነበር። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ ሮጦ ሲደርስ ሰማው ይላል (ሐዋርያት 8፥30)። የሰማው በድምፅ ስላነበበ ነው። ደግሞም «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ሲለው ሰውዬው የመለሰውን ልብ በዪ፤ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል? አለው። ይህ የንግሥቲቱ ባለ ሥልጣን፣ በገንዘቧ ሁሉ ላይ የተሾመ፣ የተማረ ሰው ነው። አልገባኝም ለማለት አልከበደውም። ፊልጶስን ወደ ሠረገላው አውጥቶ አጠገቡ አስቀመጠው።

ካነበብሽ በኋላ ከምዕራፉ አንድ ነገር ያዢ። አንድ ብቻ። ስለ ኢየሱስ ያየሽው ይሁን፣ የከበደሽ ይሁን፣ ያልገባሽ ይሁን፤ በትንሽ ደብተር አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፊ። «ኢየሱስ ለምጻሙን ዳሰሰው፤ ሳይዳስሰውም ሊያነጻው ይችል ነበር።» ይህ በቂ ነው። «ለምን ለማንም እንዳይናገር አዘዘው?» ይህም በቂ ነው። ከዚያ ያንኑ ዐረፍተ ነገር ወደ ጌታ መልሺው። ጸሎት የግድ ከባዶ የሚፈጠር ነገር አይደለም። ካነበብሽው ላይ መነጋገር ነው።

ቃል ሲጠፋብሽ መዝሙር ተበደሪ። መዝሙር 13 ስድስት ቁጥር ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች አራት ጊዜ «እስከ መቼ» ይላል። እንዲህ ብለሽ ለእግዚአብሔር መናገር የተፈቀደልሽ መሆኑን የምታውቂ አልመሰለኝም። «እሳት ነበርኩ» ብለሽ ስትጽፊ ውስጡ ሐዘን አለበት። የመጀመሪያው ሙቀት ቀዘቀዘ ማለት ጌታ ሄደ ማለት አይደለም። መዝሙር 88ን አንብቢው። በጩኸት ይጀምራል፣ በጨለማ ያልቃል፤ መጨረሻው ላይ «ግን እታመናለሁ» የሚል እንኳ የለውም። ሆኖም ጸሎት ተብሎ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ተቀምጧል። የሚናገረውም ከእግዚአብሔር ጋር ነው። ዝም አላለም።

እዚህ ላይ ስለ ጀርመናዊው መጋቢና የነገረ መለኮት መምህር ዲትሪሽ ቦንሆፈር ባነሳልሽ እወዳለሁ። እሱ በናዚ ዘመን ጀርመን ውስጥ በፊንከንቫልደ ለመጋቢነት የሚዘጋጁ ወጣቶችን በ1935 እ.ኤ.አ. ሰበሰበ። አብረው ይኖሩ ነበር። በየጠዋቱ ግማሽ ሰዓት ዝም ብለው አንድ አጭር ክፍል ላይ እንዲቆዩ ያደርጋቸው ነበር፤ ያንኑ ክፍል ለሳምንት ሙሉ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ላይ ተቸገሩ። በዚያ ዝምታ ምን እንደሚያደርጉ አላወቁም። የነገረ መለኮት ተማሪዎች እኮ ናቸው! ጥሞና ለማንም በተፈጥሮ አይመጣም፤ ይለመዳል። እነሱ የለመዱት ደግሞ አብረው ሆነው ነው። የናዚ ምሥጢራዊ ፖሊስ ጌስታፖ ቤቱን በ1937 ዘጋው። ቦንሆፈር በ1943 ታስሮ በቴጌል እስር ቤት ብቻውን ሲቀመጥ መዝሙራትን በየቀኑ ያነብ ነበር። በሚያዝያ 1945 እስኪገደል ድረስ በእምነቱ ጸና። በእስር ቤቱ ብቸኝነት የያዘው ልማድ ከወንድሞቹ ጋር ሲኖር የሠራው ነው።

አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም። ድካምሽ ከጥሞና ውጭም ካለ፣ ማለትም እንቅልፍሽ ከተዛባ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ድሮ ደስ የሚልሽ ነገር ሁሉ ከሁለት ሳምንት በላይ ጣዕም ካጣብሽ፣ ሐኪም ጋ ሂጂ። ይህ የእምነት ማነስ አይደለም። ኤልያስ ሞትን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር መጀመሪያ አልገሠጸውም። አስተኛው። መልአኩ ዳስሶ አበላው፣ አጠጣው፣ እንደገና አስተኛው። ንግግሩ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ኤልያስ ኮሬብ ደርሶ ያለው ደግሞ ያንቺን ይመስላል፤ «እኔ ብቻ ቀረሁ»። የእግዚአብሔር መልስ 7000 ሰዎች አሉኝ የሚል ነበር። ከጠራለት ሦስት ስሞችም አንዱ የኤልሳዕ ነበር። ከተራራው ወርዶ ያገኘው ኤልሳዕን ነው።

አንቺም የምትመለሺው ለአንድ ሰው ነው። መላው ኅብረት ፊት ቆመሽ የሦስት ወር ታሪክሽን መዘርዘር አይጠበቅብሽም። ያዕቆብ 5፥16 እርስ በርሳችሁ ተናዘዙ ይላል፤ ለሁሉም አውሩ አይልም። ከኅብረቱ ውስጥ አፏን የምትጠብቅ፣ ከመምከሯ በፊት የምትሰማ አንዲት እህት ፈልጊ። ብዙ ጊዜ ብዙ የምትናገረዋ አይደለችም።

ይህን የምልሽ ስለተጎዳሁም ጭምር ነው። በወጣትነቴ ለአንድ የኅብረት መሪ በእንባ የነገርኩት ነገር ሳምንት ሳይሞላ «ለወንድማችን እንጸልይ» ተብሎ በማላውቃቸው ሰዎች ፊት ወጣ። ከዚያ በኋላ ለዓመት ያህል አፌን ዘግቼ ነበር የምሰበሰበው። የፈወሰኝ ኅብረትን መተው አልነበረም። ምሥጢር የሚጠብቅ አንድ ሰው ማግኘቴ ነው። ስለዚህ በጥንቃቄ ምረጪ እላለሁ እንጂ አትምረጪ አልልም። ደግሞም የሚሸሹት ኅብረት አለ። መሪው የተናዘዝሽውን መልሶ ማስፈራሪያ ካደረገው፣ ከቤተሰብሽ ካቆራረጠሽ፣ እሱን መጠየቅ እግዚአብሔርን መጠየቅ ነው ካለሽ ውጪ፤ ወደ ኋላ አትዪ። የአንዱ መዝሙር አለማማር፣ የአንዷ ንግግር መርዘም፣ የአንዱ ጠባይ መክበድ ግን መውጫ ምክንያት አይሆንም። እነዚያ ትዕግሥት የምንማርባቸው ናቸው። ከሰው ርቆ ትዕግሥትን የተማረ ሰው አላየሁም። ገላትያ 5 ላይ ያለውን የመንፈስ ፍሬ ቁጠሪው፤ ፍቅር፣ ትዕግሥት፣ ቸርነት፣ የውሃት፤ አብዛኛው ሌላ ሰው በሌለበት የሚታይ ነገር አይደለም። ማደግሽንም ከአንቺ በፊት የሚያዩት እነሱ ናቸው።

ኅብረት ለሚመሩ ወንድሞችና እህቶችም በዚሁ አንድ ቃል ልተው። «ጌታ ምን ተናገራችሁ?» ብቻ እያላችሁ አትጠይቁ። አንዳንዴ «በዚህ ሳምንት ምን አልገባችሁም? የት ደከማችሁ?» በሉ። የሜቶዲስት እንቅስቃሴን የመራው እንግሊዛዊው ሰባኪ ጆን ዌስሊ በ1742 እ.ኤ.አ. ብሪስቶል ከተማ ውስጥ አማኞችን ወደ 12 ሰው በሚሆን ቡድን የከፋፈለው መጀመሪያ ለሕንፃ ዕዳ ሳንቲም ለመሰብሰብ ነበር። ሰብሳቢዎቹ በየሳምንቱ ሰዉን ሲያገኙ እያንዳንዱ በምን ሁኔታ እንዳለ ማየት ጀመሩ። ማን እንደወደቀ፣ ማን እንደተጣላ ታወቀ። ገንዘብ መሰብሰቢያው ነፍስ መጠበቂያ ሆነ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ የሚጠየቁት ነፍሳቸው እንዴት እንዳለች ነበር። በትልቅ ጉባኤ መካከል የጠፋ ሰው በ12 ሰው መካከል አይጠፋም። ሦስት ወር የቀረችን እህት የጠየቃት ሰው መኖሩን ደብዳቤዋ አይናገርም። ይህ እኔን ያሳስበኛል።

አሁን እህቴ፣ ዛሬ ማታ የምታደርጊው ነገር ይኑር። ለዚያች ለመረጥሻት እህት መልእክት ላኪላት። እንዴት እንደምጽፍ አላውቅም እንዳትዪ፣ ይኸው፦ «ሰላም እህቴ። የቀረሁት ተቀይሜ አይደለም። ደክሜ ነው፤ የምናገረው ስለሌለኝ አፍሬም ነው። ሐሙስ ልመጣ አስቤአለሁ። አጠገብሽ ልቀመጥ?» ይህን ስትልኪ አስመሳይነት አለቀ። ከዚህ በላይ እውነት የለም።

ሐሙስ ደብተርሽን ይዘሽ ሂጂ። ተራሽ ሲደርስ ከጻፍሻቸው አንዱን አንብቢ፤ ያልገባሽ ጥያቄ ቢሆንም። እሱም ከሌለ «ዛሬ ምንም የለኝም» በዪ። ይቻላል።

እኔም ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ማርቆስን ከምዕራፍ 1 እጀምራለሁ፤ በቀን አንድ። ካንቺ ጋር እያነበብኩ እንደሆነ እወቂ። ስምሽን ባላውቀውም «አባታችን ሆይ» ስል አለሽበት። 16ኛው ቀን ላይ ከደብተርሽ አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፊልኝ፤ እኔም የራሴን እልክልሻለሁ።